የጽድ ነው ወይስ የዝግባ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፏል፣ ውጭ ያካፋል፤ ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ተቀምጣለች። የማወራችሁ ስለ እሷ ነው።

ብልቃጧ የምትይዘው 30 ሚሊ ሊትር አረንጓዴ ቀለም ነው። ቀለም እየሞላን ለምንጽፍበት ብዕር፣ ለፋውንቴን ፔን ማለቴ ነው። እኛ ቤት እንዲህ ያለው ብዕር፣ ማንም ይሥራው ማን፣ "ፓርከር" ነበር የሚባለው። አሁን እጄ ላይ ያለው ግን ፓይለት ነው፣ ጃፓን ሠራሽ። ቀለሙ የዳያሚን ነው። ዳያሚን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1864 ጀምሮ ቀለም ሲሠራ የኖረ የእንግሊዝ ድርጅት ነው፤ ዛሬ መቀመጫው ሊቨርፑል ነው። የዚህኛው ቀለም ስም "ሸርውድ ግሪን" ይባላል፤ ኖቲንግሃም አጠገብ ባለው በጥንታዊው የሸርውድ ደን ስም ነው የተሰየመው። ወንድሜ ነው ከዚያው ከእንግሊዝ በሰው እጅ የላከልኝ።

ክዳኗን ስከፍት "ፍስስ" አለችና ሁለት ጠብታ ጣቴ ላይ ተፋች። መጀመሪያ ደነገጥኩ፣ ኋላ ግን ገባኝ። ሊቨርፑል የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚያ ታች የታሸገ አየር እዚህ ሲደርስ በዙሪያው ያለው አየር ይሳሳበታል፤ ስለዚህ መውጫ ሲያገኝ ይገፋል። ብዕርም እንዲሁ ነው። ከአዋሽ ወይም ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ የምትመላለሱ ካላችሁ፣ ብዕራችሁን ጢም አድርጋችሁ ሙሉት፣ ካልሆነም ባዶ አድርጉት፤ ጫፉንም ወደ ላይ አቁማችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት። አደጋው በግማሽ የተሞላው ላይ ነው፣ ምክንያቱም አየር ያለበት እሱ ነው። ይህን የተማርኩት አንድ ነጭ ሸሚዝ ካበላሸሁ በኋላ ነው።

ብዕሩን በለብ ያለ ውሃ አጠብኩት፣ የድሮው ሰማያዊ ተጠርጎ እስኪወጣ፣ ውሃው ጥርት እስኪል። ከዚያ ሞላሁና ወረቀት ላይ አሳረፍኩት። ምን ልጻፍ? እጄ ሳያማክረኝ "አበበ በሶ በላ፣ ጫላ ጩቤ ጨበጠ" ብሎ ጻፈ። መቼም ሁላችንም አዲስ እስክሪብቶ ስንይዝ የምንጽፈው እሱኑ ነው።

እርጥብ ሳለ ደመቅ ያለ፣ ሕያው አረንጓዴ ነው። እየደረቀ ሲሄድ ዓይናችሁ እያየ ይጨልማል። ብዕሩ ቆም ባለበት ቀለሙ ይጠራቀምና ወደ ጥቁር ያደላል፣ ፈጠን ብሎ ባለፈበት ይሳሳል። ይኼ ነገር በእኛ ፊደል ላይ እንዴት እንደሚያምር ልነግራችሁ አልችልም! የእኛ ፊደል ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ እግር አለው። እያንዳንዱ እግር መጨረሻው ላይ ትንሽ ቀለም ያቁራል። በ፣ ሰ፣ ለ፣ ጠ፣ ሁሉም ከላይ ለምለም፣ ከታች ጥቁር ሆነው ይቆማሉ፤ ልክ ዝናብ ጠግቦ እንዳደረ ሣር። በጥቁር ቀለም ስጽፍ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን አላየሁም።

አንድ ነገር ግን አለ። በቀጭን ጫፍ ጻፉ። ሌላ ወፈር ያለ ጫፍ ያለው ብዕር አለኝና በእሱም ሞከርኩት። የ"ቤ" ቀለበት ሞላና "ቢ" ሆነ። "ቤት" ብዬ የጻፍኩትን ሳነበው "ቢት" ይላል። "ሌ" እና "ሊ"፣ "ኔ" እና "ኒ" እንዲሁ ተደባለቁ። "ወ" ደግሞ ዓይኗ ተደፈነ። ለላቲን ፊደል መካከለኛ የሚባለው ጫፍ ለእኛ ወፍራም ነው፤ ቀለበቶቻችን ትንንሽ ናቸውና። የጃፓኖቹ ቀጭን ጫፍ ከአውሮፓዎቹ ቀጭን ይቀጥናል፣ የእኔም ምርጫ እሱ ነው።

ወረቀቱም ወሳኝ ነው። ርካሽ ደብተር ላይ ቀለሙ እንደ ሸረሪት ድር ይበተናል፣ ወደ ጀርባም ያልፋል። ያንን ልለፈው።

(ብዕር ወረቀት ላይ ሲሄድ ይሰማል)

ተሰማችሁ? እየጻፍኩ ነው። "ቀለም" ብዬ ጻፍኩ።

ይህች ቃል ስንት ነገር እንደተሸከመች አስቡ። የምንጽፍበትም ቀለም ነው፣ ዓይን የሚያየውም ቀለም ነው፣ ትምህርቱም ቀለም ነው። ቀለም የቀመሰ እንላለን፣ ጎበዙን ተማሪ ቀለሜ እንለዋለን። ሊቁ "የቀለም ቀንድ" ነው። ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ የበሬ ቀንድ ያለው ሰው ነበር የሚታየኝ። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ቁም ጸሐፊዎች ቀለማቸውን የሚያኖሩት በእውነተኛ ቀንድ ነበር። መሬት ላይ ይሰኩታል፣ ብራናውን ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ፣ የመቃ ብዕራቸውን እየነከሩ ይጽፋሉ። አንዱ ቀንድ ጥቁር፣ ሌላው ቀይ። ጥቁሩ ከጥላሸትና ከተቃጠለ እህል ተቀምሞ፣ ለወራት ተብላልቶ የሚወጣ ነው። ቀዩ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም ይጽፋል።

አረንጓዴስ? አረንጓዴ ብራናው ላይ አለ፣ ግን ቃል አይጽፍም። የት አለ መሰላችሁ፣ ሐረጉ ውስጥ። ያ በገጹ አናት ላይ እየተጠላለፈ የሚወርደው ጌጥ ውስጥ፣ ከቢጫውና ከቀዩ ጋር። እኔ ይህን ካስተዋልኩ በኋላ ነው ለምን በአረንጓዴ ስጽፍ እጄ እንደሚያመነታ የገባኝ። ጥቁሩ ጽሑፍ ነው። ቀዩ የቅዱስ ስም ነው፣ በእኛ ዘመን ደግሞ የአስተማሪ እርማት። ሰማያዊው የቢሮ ነው፣ ፊርማ፣ ማመልከቻ፣ ቅጽ። አረንጓዴ በሕይወቴ ውስጥ የተሰጠው ሥራ የለም። ለአራት ቀን አበበንና በሶውን ብቻ እየደጋገምኩ ስጽፍ ከረምኩ። ብዕሩ ሙሉ፣ ቀለሙ ያማረ፣ የምጽፈው ግን የለም።

በአምስተኛው ቀን ብልቃጧንም ብዕሩንም ይዤ ወደ አባባ ቤት ሄድኩ።

አባባ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ዕድሜያቸውን የጨረሱት በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በመዝገብ ቤት ነው። ቀለም ያውቃሉ። ጽሑፉን ወደ መስኮቱ አቅርበው አዩት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ እንደገና አደረጉ። "ሐመልማል" አሉ። ይህን ቃል ከሳቸው አፍ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ ነው። ቀጥለውም "ለማን ነው የሚጻፍበት?" አሉኝ። ምን እንደሚጻፍበት ሳይሆን ለማን እንደሆነ ነው የጠየቁኝ።

የማውቀውን ነገርኳቸው። የእንግሊዝ የውጭ ስለላ ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1909 ሲቋቋም የመጀመሪያው ኃላፊ ማንስፊልድ ከሚንግ "ሲ" በምትል አንድ ፊደል ብቻ፣ በአረንጓዴ ቀለም ይፈርም እንደነበር፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ኃላፊዎችም ያንኑ ልማድ እንደያዙ። ጀርመን አገር ደግሞ በፌዴራል ሚኒስቴሮች ውስጥ ወረቀት ዳር ላይ በአረንጓዴ የሚጽፈው ሚኒስትሩ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያሉት የየራሳቸው ቀለም አላቸው፣ ቀለሙን አይቶ የማን ትእዛዝ እንደሆነ መለየት ይቻላል። አባባ ይህ በጣም ደስ አላቸው። "እሱ ነው ሥርዓት" አሉ። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ልቡን ያሞቀዋል።

እኔ ግን ቀለሙ የምን እንደሚመስል ነበር ልነግራቸው የፈለግኩት። "አባባ፣ የጽድ ቅጠል አይመስልም?" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ጽድ አመዳም ነው፣ እንዲህ አያበራም። ይሄ ዝግባ ነው። ዝግባ ከዝናብ በኋላ።" ከዚያ ዝም አሉ፣ ብዙ ዝም አሉ። ዓይናቸው ጎጃም እንደሄደ አውቃለሁ። ያደጉበት ቀዬ ቤተ ክርስቲያኑ በደን የተከበበ ነው፤ ዙሪያው ሁሉ ታርሶ አልቆ አረንጓዴ ሆኖ የቀረው የቤተ ክርስቲያኑ ክበብ ብቻ ነው። "ከምሥራቅ በር ስትገቢ" ብለው ጀመሩ፣ "መጀመሪያ ሁለት ወይራ አለ።"

ደብተሬን ከፈትኩ።

ወይራ፣ የወተት ዕቃ የሚታጠንበት። ቀጥሎ ጽድ፣ ሦስት። ከዚያ ዝግባው፣ ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው። ከዝግባው ሥር ልጆች ሆነው ዝናብ ይጠለሉበት ነበር። ብሳና። ጥቁር እንጨት። ከአጥሩ ውጭ ግራዋ፣ እናታቸው ለጠላው ጋን ማጠቢያ ቅጠሉን የሚልኳቸው። አንዱ ዛፍ ስሙ ጠፋባቸው። ፍሬው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ወፎቹ በስንት ሰዓት እንደሚመጡበት ነገሩኝ፣ ስሙ ግን አልመጣ አለ። ቦታውን ክፍት ተውኩት። እኔ እጽፋለሁ፣ የፊደሎቹ እግር እየጠቆረ ይሄዳል፣ እሳቸው በዓይነ ሕሊናቸው ግቢውን ይዞራሉ። በአምስት ቀን ውስጥ ብዕሬ ያላመነታበት ጊዜ ቢኖር ያ ነው።

በመካከሉ "ውሃ ቢነካውስ?" አሉኝ።

እውነቱን ነገርኳቸው። የፋውንቴን ፔን ቀለም አብዛኛው በውሃ የሚሟሟ ማቅለሚያ ነው። ከጥላሸት እንደተሠራው የብራና ቀለም አይደለም፤ ጥላሸት ዘመናት ቢያልፉበትም አይደበዝዝም። ጣቴን አርጥቤ አንድ መስመር ላይ ሳሳርፍ ተሟሟ፣ ሰማያዊ የሚመስል ጭጋግ ቀረ። ፊታቸው ተለወጠ። "መዝገብ በሚታጠብ ቀለም አይጻፍም" አሉ፣ በሥራ ዘመናቸው ድምፅ። ልክ ናቸው። በጥቁር እገለብጠዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁላቸው፤ ትናንት ማታ ገልብጬዋለሁም። ግን ላልዋሻችሁ፣ የማወጣና የማየው አረንጓዴውን ነው።

ዋንዛ ላይ ስንደርስ እጃቸውን ዘረጉ። ብዕሩን ሰጠኋቸው። ከበሮ የሚሠራበት ዛፍ ነው፣ ልጅ ሆነው የሚያጣብቀውን ፍሬ ይልሱ ነበር። እጃቸው አሁን ይንቀጠቀጣል። ፊርማቸውን እንኳ ከፈረሙ ቆይተዋል፣ ባንክም የሚሄዱት ከእኔ ጋር ነው። "ዋ" ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ብዕሩ በየቦታው ቆመ፤ በቆመበት ሁሉ ቀለሙ ተጠራቀመ። የእኔ ጽሑፍ ከታች ብቻ ነው የጠቆረው። የሳቸው ዋንዛ ከእግር እስከ ራሱ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ሲደርቅም ከገጹ ሁሉ ጎልቶ ቀረ።

ብዕሩን ከደኑልኝ። "ቁጥቋጦዎቹ ቀርተዋል" አሉ፣ "ቀጋው፣ አጋሙ፣ ክትክታው። እሑድ ነይ።"

ብልቃጧን እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ትቼላቸው ልመጣ ነበር፣ አይሆንም አሉኝ፣ ይደፋል ብለው። ለእሑድ ይዤላቸው እሄዳለሁ።