ብርሃኑን ቺፕ ላይ ለሁለት መክፈል

ጤና ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራው ቺፕ ላይ ብርሃንን በፖላራይዜሽኑ፣ ማለትም በሚርገበገብበት አቅጣጫ፣ ለሁለት ስለሚከፍለው ስፕሊተር ነው፣ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

አንድ ቀን ላብራቶሪ ውስጥ ሌዘሩን በፋይበር፣ ብርሃን በሚያስተላልፈው ቀጭን የመስታወት ክር፣ ወደ ሲሊኮን ቺፕ አስገብቼ የሚወጣውን ብርሃን እየለካሁ ነበር፣ ቁጥሩ ጥሩ ነው፣ ደስ ብሎኛል፣ ከዛ ጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን ፋይበር በእጄ ትንሽ ገፋ ሳደርገው ንባቡ ወረደ። ሌዘሩን አልነካሁም፣ ቺፑንም አልነካሁም። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ተራ ፋይበር የብርሃኑን ፖላራይዜሽን ጠብቆ አያደርስም፣ ስታጥፉት ወይ ሙቀቱ ሲቀያየር የሚርገበገብበት አቅጣጫ ይዞራል። ቺፑ ደግሞ አቅጣጫ ይመርጣል።

ለምን ይመርጣል? ብርሃኑ የሚሄድበት የሲሊኮን መስመር፣ ዌቭጋይድ የምንለው፣ ብዙ ጊዜ ውፍረቱ 220 ናኖሜትር ስፋቱ ደግሞ 500 አካባቢ ነው፣ ማለትም ጠፍጣፋ ነው። ወደ ጎን የሚርገበገበው ቲኢ ሲሊኮኑ ውስጥ ጥብቅ ብሎ ይሄዳል፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚርገበገበው ቲኤም ግን ስለማይያዝ ግማሹ ውጪ ውጪውን ነው የሚሄደው፣ ፍጥነታቸውም ይለያያል፣ ስለዚህ ለአንዱ የተሰራ ሰርኪዩት ለሌላው አይሆንም።

ይሄን ልዩነት ነው እንግዲህ የምንጠቀምበት! ሁለት ዌቭጋይድ ጎን ለጎን በጣም አቀራርባችሁ ስታስኬዱ ቲኤሙ ውጪ የተንሰራፋ ስለሆነ ቶሎ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል፣ ቲኢው እዛው ይቀራል። ርዝመቱን ቲኤሙ ሙሉ በሙሉ በተሻገረበት ቦታ ላይ ቆርጣችሁ ካለያያችኋቸው ሁለቱ በየራሳቸው በር ወጡ ማለት ነው። የዴንማርኩ ሳይንቲስት ራስሙስ ባርቶሊን በ1669 በካልሳይት ድንጋይ አሻግሮ ሲያይ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ የታየው በዚሁ በፖላራይዜሽን ምክንያት ነበር፣ አሁን ያንን ስራ ከ20 ማይክሮሜትር በታች በሆነ ርዝመት የሚሰሩ ዲዛይኖች አሉ፣ እኔን እስካሁን ይገርመኛል።

ከዛ በኋላ ቲኤሙን አዙረን ቲኢ እናደርገዋለን፣ ሁለቱንም አንድ አይነት ሰርኪዩት ያስተናግዳቸዋል። በኮሄረንት ሪሲቨር፣ የብርሃኑን ጉልበት ብቻ ሳይሆን ፌዙንም በሚያነበው መቀበያ፣ ደግሞ ሁለቱ ፖላራይዜሽኖች የየራሳቸውን ዳታ ስለሚይዙ በአንድ ፋይበር የሚያልፈው እጥፍ ይሆናል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን በተሳሳተው በር የሚሾልከው ነው። በትክክለኛው በር የወጣው በተሳሳተው ከወጣው በ20 ዲሲቤል ይበልጣል ስንል ከመቶ አንድ እጅ ሾልኳል ማለት ነው፣ 30 ከሆነ ከሺ አንድ። የመስመሩ ስፋት በጥቂት ናኖሜትር ከተዛባ መሻገሪያው ርዝመት ይቀየራል፣ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ሲቀየርም እንደዛው፣ 1550 ናኖሜትር ላይ ቆንጆ የነበረው ስፕሊተር 1530 ላይ ሊያፈስ ይችላል። መፍትሄ አለው፣ ከኋላው ሁለተኛ ስፕሊተር ታስቀምጡና የሾለከውን ታጣራላችሁ፣ ቦታ ትንሽ ይወስዳል፣ ለኔ ግን ያዋጣል።

እባካችሁ ውጤት ስታቀርቡ ምርጧን ነጥብ ብቻ አታሳዩ፣ ከ1530 እስከ 1565 ናኖሜትር ያለውን ሙሉ ግራፍ አሳዩ፣ ከአንድ ቺፕም አይደለም፣ ቺፖቹ አንድ ላይ ከሚሰሩበት ክብ የሲሊኮን ሰሌዳ፣ ከዋፈሩ፣ መሃልም ከዳሩም ለክታችሁ። አመሰግናለሁ።