ከሥሩ የተጻፈው ቁጥር

የተከበራችሁ የጥንታዊ ሽጉጥ ሰብሳቢዎች ማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ። ከሌላ ስቴት ሌሊቱን ሙሉ ነድታችሁ የደረሳችሁትን በተለይ አመሰግናለሁ።

ዘንድሮ ሽጉጡን ትቼ ስለ ሣጥኑ ልናገር። የአሜሪካው ሽጉጥ ሠሪ ኮልት ሃርትፎርድ ከተማ ላይ ከሠራቸው፣ ባሩድና አረር ለየብቻ ይጎርሱ ከነበሩት የባሩድ ዘመን ሪቮልቨሮች መካከል ምርጦቹ የሚመጡት በእንጨት ሣጥን ነበር። በእንግሊዝ አሠራር ውስጡ በቀጭን ሳንቃ ይከፋፈላል፤ በፈረንሳይ አሠራር ግን ለሽጉጡም፣ ለባሩድ መያዣውም፣ ለአረር ማቅለጫውም በቅርጻቸው ልክ ጎድጓዳ ቦታ ይሠራላቸዋል። ሌላው የአሜሪካ ሽጉጥ ሠሪ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1857 እ.ኤ.አ. ካወጣው፣ ሰባት ጥይት ከሚጎርሰው ትንሹ ሞዴል 1 ጋር ደግሞ ሰብሳቢዎች የጉታፐርቻ (እንደ ጎማ ያለ የዛፍ ሙጫ) ሣጥን የሚሉትን እናገኛለን።

እነዚህን ውበታቸው አተረፋቸው። በኋላ የመጣውን ካርቶን ግን ማን ያስቀምጠዋል? ገዢው ሽጉጡን ታጥቆ ካርቶኑን ጣለው፤ የተረፈውን እርጥበትና አይጥ ጨረሰው። ይሁንና ጎኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የጥይቱን ዓይነትና የአፈሙዙን ርዝመት ይነግረናል። በስሚዝ ኤንድ ዌሰን ካርቶኖች ሥር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሽጉጡ መለያ ቁጥር በእጅ፣ በእርሳስ ተጽፎ ይገኛል። ሁለቱ አብረው ከፋብሪካ መውጣታቸውን የሚመሰክረው እሱ ነው።

ከዓመታት በፊት «ከነሣጥኑ» ተብሎ የተሸጠልኝን ሽጉጥ ቤቴ ወስጄ ካርቶኑን ብገለብጠው፣ ቁጥሩ በላጲስ ተፍቆ አገኘሁት። ያ ካርቶን የየትኛው ሽጉጥ እንደነበረ ከእንግዲህ የሚያውቅ የለም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን የሠዉበት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ስጦታ ነበር፤ ይህንንም የሚናገር ጽሑፍ ተቀርጾበታል። ያንን ጽሑፍ አንድ ሰው «ላጽዳው» ብሎ ቢፍቀው ኖሮ ምን ይሰማን ነበር?

ስለዚህ አደራ የምላችሁ ይህን ነው። የእርሳስ ጽሑፍ አትንኩ፤ የተቀደደ ካርቶን በማጣበቂያ ፕላስተር አትጠግኑ። ሽጉጡንና ሣጥኑን ያገናኛችኋቸው እናንተ ከሆናችሁ፣ ዋጋው ቢቀንስም በካርድ ላይ በግልጽ ጻፉት። ዛሬ ለእይታ የቀረቡት ሣጥኖች ሁሉ ከሥራቸው እንዲታዩ መስታወት ላይ ተቀምጠዋል። ጎንበስ እያላችሁ ቁጥሮቹን አንብቡ። ጉባኤው ተከፍቷል።