መሪው ዞሮ መኪናው እምቢ ሲል

[ምስል፦ ከጅሬን ወደ ጅማ ከተማ የሚወርደው መንገድ፣ ከዝናብ በኋላ]

ከጅሬን ወደ ከተማ ቁልቁል እየወረዳችሁ ነው እንበል። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ አስፋልቱ ላይ ቀይ ጭቃ አለ። መሪውን ወደ ግራ አዞራችሁ። መኪናው ግን በስተቀኝ ወዳለው ቦይ ቀጥ ብሎ ሄደ። አንደርስቲር የሚባለው ይሄ ነው። ትራክ ላይ ያለ የውድድር መኪናንም የሚገጥመው ይኸው ነው፤ እዚያ ፍጥነቱ ይጨምራል እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

ራዲየሱ 30 ሜትር የሆነ ኩርባ እንውሰድ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትገቡ ጎማዎቹ የመኪናውን ክብደት 0.42 ያህል ወደ ጎን መያዝ አለባቸው። በ60 ግን 0.94 ይሆናል! ፍጥነቱ የጨመረው በግማሽ ነው፣ የሚፈለገው ጉልበት ግን ከእጥፍ በላይ። ለተራ ጎማ ይሄ በደረቅ አስፋልትም ይከብዳል፤ በጭቃ አይታሰብም።

[ምስል፦ የፊት ጎማ በቅርበት]

እዚህ ላይ ብዙ ሹፌር መሪውን ይበልጥ ያዞራል። በጣም የምፈራው ይሄን ነው። ጎማው በደንብ የሚይዘው ከሚሄድበት አቅጣጫ በጥቂት ዲግሪ ብቻ ሲዞር ነው። ከዚያ ካለፈ ይንሸራተታል፤ መሪውም እጃችሁ ላይ ድንገት ይቀላችኋል። ያ ቅለት ማስጠንቀቂያ ነው። ነዳጁን ቀስ አድርጋችሁ ቀንሱ፣ መሪውን ትንሽ መልሱ። ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፣ ጎማው እንደገና ይይዛል። በፍጥነት እየሄዳችሁ ነዳጁን በአንዴ ከለቀቃችሁ ግን የመኪናው ኋላ ተንሸራቶ ሊወጣባችሁ ይችላል።

ፋብሪካዎች ተራ መኪና ሲሠሩ ሆን ብለው ወደ አንደርስቲር ያደሉታል። ሰው ሲደነግጥ እግሩን ከነዳጅ ያነሳል፤ ፊቱ ለሚንሸራተት መኪና ደግሞ ያ ይጠቅመዋል። ትክክለኛ ውሳኔ ይመስለኛል።

ትራክ ላይ ጎበዝ ሹፌር ፍሬኑን ኩርባው መግቢያ ላይ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ መሪውን እያዞረ ቀስ በቀስ ያላላዋል። እንዲህ ሲያደርግ ፊቱ ክብደት እንደያዘ ይታጠፋል። ፖርሽ 911 በሚባለው የስፖርት መኪና ላይ ይሄ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ፊቱ ቀላል ነው። ቶሎ ነዳጅ ከሰጡት አፍንጫው ወደ ውጭ ይሄዳል።

[ምስል፦ ጎሚስታ ቤት]

የፊት ጎማችሁን የውጭ ጠርዝ በእጃችሁ ዳስሱት። ከመሃሉ ይልቅ እሱ ካለቀ፣ ኩርባ ላይ ፊቱን እያደከማችሁት ሊሆን ይችላል። ግን አየር ማነስና የተበላሸ አላይመንትም እንዲሁ ይበሉታል፤ ስለዚህ መጀመሪያ እነሱን አስለኩ። የትራክ ሰዎች ከዚህ አልፈው የኋላውን ስታቢላይዘር ባር (መኪናው ኩርባ ላይ ወደ ጎን እንዳያዘነብል የሚይዘውን ብረት) ያጠነክራሉ፤ ፊቱ ይበልጥ ይይዛል። ለደረቅ ትራክ ጥሩ ነው። ጅማ ላይ በክረምት ለሚነዳ መኪና ግን አልመክርም፤ እርጥብ ኩርባ ላይ መጀመሪያ የሚከዳችሁ ኋላው ይሆናል።