የኤሌክትሮስታቲክና የዳይናሚክ ማዳመጫዎች ድምፅ

የተከበራችሁ የሙዚቃ ወዳጆች፣

ሁለቱን የጆሮ ማዳመጫ ዓይነቶች ያነጻጸረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ኤሌክትሮስታቲኩ ፈጣን ነው፤ ዳይናሚኩ ጉልበት አለው» ብሎ ያልፋል። አባባሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ምክንያቱን ካላወቅን የሰማነውን ትተን የተነገረንን ይዘን እንቀራለን።

ዳይናሚኩ በዕድሜ ታላቅ ነው፤ የጀርመኑ ኩባንያ ቤየር ዲቲ 48 የተባለውን ማዳመጫ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። በውስጡ ቀጭን ጥቅል ሽቦ ከዲያፍራሙ፣ ማለትም እየተርገበገበ ድምፅ ከሚፈጥረው ስስ ሽፋን ጋር ተጣብቆ በማግኔት መስክ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ግፊቱ የሚያርፈው ሽቦው በተጣበቀበት ቦታ ስለሆነ፣ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም በቀጫጭን ድምፆች፣ ዲያፍራሙ በሙሉ አብሮ አይሄድም፤ አንዱ ክፍል ወደ ፊት ሲል ሌላው ወደ ኋላ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1960 የጃፓኑ ስታክስ ለገበያ ያቀረበው ኤሌክትሮስታቲክ ማዳመጫ ሌላ መንገድ ያዘ። ውፍረቱ ከሚሊሜትር ሺኛ እምብዛም የማይበልጥ የፕላስቲክ ሽፋን፣ ቀዳዳ በበዛባቸው ሁለት የብረት ሰሌዳዎች መካከል ተወጥሮ ይቀመጣል። በዛሬዎቹ የስታክስ ማዳመጫዎች ሽፋኑ የ580 ቮልት ሙሌት ይሰጠዋል። ሙዚቃው ወደ ሰሌዳዎቹ ሲደርስ አንዱ ይስበዋል፣ ሌላው ይገፋዋል፤ ኃይሉም በገጹ ሁሉ ላይ ያርፋል። ለዚህ ሁሉ ቮልቴጅ የተለየ አምፕሊፋየር ግድ ነው፤ ስልክ ላይ ሰክቶ መስማት የለም።

ታዲያ ጆሮ ምን ይሰማል? በብረት ብሩሽ የሚመታ ከበሮ አድምጡ። በተራ ዳይናሚክ ማዳመጫ ብሩሹ አንድ ወጥ «ሽሽ» ሆኖ ያልፋል። በጥሩ ኤሌክትሮስታቲክ ግን የብረት ጭራዎቹ ቆዳውን ሲነኩ፣ ሲጎተቱ፣ ሲነሱም ለየብቻ ይሰማሉ። ፒያኖም እንዲሁ ነው፤ ጣት ከቁልፉ ሲነሳ ማፈኛው ጅማቱ ላይ የሚያርፍበት ትንሽ ድምፅ በሙዚቃው ውስጥ ቦታውን ያገኛል። እኔ ለድምፃዊና ለጅማት መሣሪያዎች ያለ ማመንታት ኤሌክትሮስታቲኩን እመርጣለሁ።

ትልቁ ከበሮ ሲመጣ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ። ትራሱ ጆሮን በደንብ ከገጠመ የኤሌክትሮስታቲክ ባስ ጥልቀት አያንሰውም፤ ሆኖም ሽፋኑ በሰሌዳዎቹ መካከል የሚወዛወዝበት ቦታ ጠባብ ነው። የእግር ከበሮውን ምት ደረቴ ድረስ እንደደረሰ አድርጎ የሚያሳየኝ ጥሩ ዳይናሚክ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ ከማወዳደራችሁ በፊት የድምፁን መጠን በመለኪያ አስተካክሉ። የአንድ ዴሲቤል ብልጫ እንኳ ከፍ ያለውን «የጠራ» ያስመስለዋል። ቀጥሎ የፍሪኩዌንሲውን ሚዛን ተመልከቱ። «ፍጥነት» የምንለው ብዙውን ጊዜ የባስ ማነስና የቀጭኑ ድምፅ ማየል ነው፤ ይህን ሳያጣሩ ለቴክኖሎጂው ዋንጫ መስጠት ያሳዝነኛል። ዳይናሚኩም ባለበት አልቆመም። የጀርመኑ ሴንሃይዘር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ኤችዲ 800 በተባለ ማዳመጫ ዲያፍራሙን የቀለበት ቅርጽ በመስጠት ያንን የክፍሎች አለመስማማት ለመቀነስ ሠርቷል፤ እኔ እንደምሰማውም በዝርዝር አገላለጽ ከብዙ ኤሌክትሮስታቲኮች አይተናነስም።

ሁለቱም ማዳመጫዎች እዚህ ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ የድምፃቸው መጠን እኩል ተደርጓል። ከብሩሹ ቅጂ እንጀምር፤ ቀጥሎ ትልቁን ከበሮ እናሰማለን። እያንዳንዳችሁ የሰማችሁትን ከጎረቤታችሁ ጋር ከመነጋገራችሁ በፊት ወረቀት ላይ አስፍሩልኝ።