የመጀመሪያዋ ደቂቃ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ።

ሳይተነፍስ የተወለደ ጨቅላ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ አየር ሊያገኝ ይገባል። ይህን የማያውቅ ተማሪ በዚህ አዳራሽ የለም። የሚጎድለው የእጅ ልምድ ነው፤ ይህም በአሻንጉሊት እንጂ በሕፃን ላይ መጀመር የለበትም።

ኒዮናታሊ የተባለችው አሻንጉሊት ለብ ያለ ውኃ ሲሞላባት እንደ ጨቅላ ትከብዳለች፤ አንገቷም ይዝላል። መምህሩ የጎማ ኳሶችን እየጨመቀ ትንፋሿንና የእትብቷን ምት ያሳያል፣ ያቆማል። አንገቷ ካልተስተካከለ ወይም አየር የሚሰጥበት ማስክ ፊቷ ላይ ካልገጠመ ደረቷ አይነሳም። ስለዚህ መምህሩ ዝም ይበል፤ ስህተቱን ደረቷ ይናገራል።

ሰዓቱ ሕፃኑ እንደወጣ ይቆጠር። ማድረቅ ይቀድማል፤ ቀጥሎ እርጥቡን ጨርቅ መለወጥና ጀርባውን ማሸት። ድሬዳዋ ላይ ሙቀቱ የሚበቃ ሊመስል ይችላል። እርጥብ ቆዳ ግን በሞቃት ክፍልም ይቀዘቅዛል፣ ከጣሪያው ማራገቢያ ሥር ደግሞ ይብሳል። ማራገቢያውን ማጥፋት የዝግጅቱ አካል ይሁን።

ሰክሽን፣ ማለትም ፈሳሽን መጥጦ ማውጣት፣ መተንፈሻው ሲዘጋ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ አፍ፣ ከዚያ አፍንጫ። አፍንጫው ከቀደመ ሕፃኑ በድንገት ትንፋሽ ስቦ በአፉ ያለውን ወደ ሳንባው ያስገባል። በጥልቀት መምጠጥም የልብ ምትን ያዘገያል።

አሁን አምቡ ባግ፣ በእጅ እየተጨመቀ በማስኩ አየር የሚሰጠው ከረጢት። ብዙው ስህተት እዚህ ነው። ማስኩ አገጭን፣ አፍንና አፍንጫን ይሸፍን፤ ዓይን ላይ አይውጣ። አንገት በመጠኑ ቀና ይበል፤ ከልክ በላይ ወደ ኋላ ከተቆለመመ እንደ ማጎንበስ ሁሉ አየሩን ይዘጋል። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ነው፤ የደነገጠ ተማሪ ግን ያጣድፈዋል። 3 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን በአንድ ትንፋሽ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። ባጉ የሚይዘው ከ200 ይበልጣል፤ በጣቶች ይጨመቅ እንጂ በሙሉ መዳፍ አይደለም።

ደረቱ እንቢ ካለ ማስኩ እንደገና ይገጠም፣ አንገቱ ይስተካከል፣ አፉ ይጠረግና ከፈት ይደረግ፤ ባጉን ጠንከር አድርጎ መጭመቅ ከዚህ በኋላ ነው። ደረት መጫን የሚመጣው ደረቱን እያነሳ ለ30 ሰከንድ አየር ከተሰጠ በኋላ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ60 በታች ከቀረ ነው፤ 3 ጫና፣ 1 ትንፋሽ።

ልምምዱ ሲያበቃ፣ «ደረቱ መቼ ተነሳ?» ተብሎ መጀመሪያ ተማሪው ይጠየቅ፤ ወዲያው ይድገመው። በዓመት አንድ ሙሉ ቀን ከመሠልጠን በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ ይሻላል፣ ይህ ክህሎት በወራት ውስጥ ይደበዝዛልና። አሻንጉሊቷም ከቁም ሳጥን ወጥታ ማዋለጃው አጠገብ ትቀመጥ።

በሐረር ሕይወት ፋናም ሆነ በድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታል ተረኛ የሆነ ተማሪ፣ እናቲቱ ከማማጧ በፊት ማስኩን በመዳፉ ደፍኖ ባጉን ይጭመቅ። የግፊት መልቀቂያው ቫልቭ ድምፅ ካላሰማ ወይም ባጉ ተመልሶ ካልሞላ፣ ያኔውኑ ይለውጠው።