ከነካልሲው መኪና ጣሪያ ላይ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ የማወራችሁም ስለ ጫማ ነው።

ሰሞኑን አንድ የቆየ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ከዓይኔ አልጠፋ ብሏል። አንድ ወጣት የፖሊስ መኪና ጣሪያ ላይ ቆሞ ይናገራል፤ እግሩ ላይ ካልሲ ብቻ። ማሪዮ ሳቪዮ ይባላል፣ የፍልስፍና ተማሪ፣ የ21 ዓመት ልጅ።

ቦታው ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1964። አስተዳደሩ ተማሪዎች በግቢው መግቢያ ጠረጴዛ ዘርግተው ለፖለቲካ ጉዳይ ገንዘብ እንዳይሰበስቡ ከልክሏል። ጃክ ዋይንበርግ የተባለ ወጣት ክልከላውን ጥሶ ከአንድ የሲቪል መብት ድርጅት ጠረጴዛ ኋላ ተቀመጠ። ፖሊስ ይዞ መኪና ውስጥ አስገባው። መኪናዋ ግን ንቅንቅ ማለት አልቻለችም፤ ተማሪው ዙሪያዋን መሬት ላይ ተቀምጧል። 32 ሰዓት! እስረኛው ውስጥ እንደተቀመጠ ጣሪያዋ መድረክ ሆነ፤ ተናጋሪው በተራ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሳቪዮ ሊወጣ ሲል ጫማውን አወለቀ፤ መኪናዋ እንዳትጎዳ።

እኛ ጫማ የምናወልቀው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ስንገባ ነው፤ አለዚያም እናት ስትቆጣ። እሱ ጓደኛውን ላሰረ መኪና አወለቀ። ጣሪያዋ መጎድጎዱ ግን አልቀረም፤ ተማሪዎቹም ለማሠሪያ ገንዘብ አዋጡ። እኔ የዚያን ዘመን የአሜሪካ ወጣት ጸጉሩን ያንጨባረረ፣ ማንንም የማይሰማ አድርጌ ነበር የማስበው። እንዲህ ያለ ይሉኝታ አልጠበቅሁም።

ቁጣው ከየት እንደመጣ ደግሞ ልንገራችሁ። ሳቪዮ በዚያው ክረምት ሚሲሲፒ ነበር፤ ጥቁሮች ለመራጭነት እንዲመዘገቡ ሲረዳ። በዚያ ዘመቻ ሦስት ወጣቶች ተገድለዋል። ከዚያ የተመለሰ ሰው ግቢ ሲገባ ለዚህ ጉዳይ ሳንቲም መሰብሰብ ክልክል ነው ይሉታል። በልጅነቱ ይንተባተብ የነበረ ልጅ ነው፤ ጣሪያው ላይ አፉ ተፈታ።

በዲሴምበር ከአንድ ሺህ በላይ ሆነው የአስተዳደሩን ሕንፃ ሞሉት፤ 800 ያህሉ ታሰሩ። ከቀናት በኋላ መምህራኑ በ824 ድምፅ ለ115 ከተማሪዎቹ ጎን ቆሙ።

ዋይንበርግ ጋዜጠኛ ሲነዘንዘው፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነን ሰው አናምንም ያለውም በዚያው ሰሞን ነው። ዘወር እንዲልለት ብሎ የተናገረው የዘመኑ መፈክር ሆኖ ቀረ። ሠላሳን ካለፍሁ ቆይቻለሁና አባባሉ ይቆረቁረኝ ነበር፤ አሁን ያስቀኛል።

ሳቪዮ እ.ኤ.አ. በ1996 አረፈ። በዓመቱ፣ በተማሪነቱ ያገደው ዩኒቨርሲቲ የዚያን ሕንፃ ደረጃዎች በስሙ ሰየማቸው። እዚያ ሁሉም ከነጫማው ነው የሚወጣው።