«በማን እየሠራችሁ ነው?»

እንደምን ሰነበታችሁ። ለዛሬ ሌላ ወሬ ይዤ ነበር፤ እሱ ይቆየን። የበጀት ስሚው፣ ማለትም እያንዳንዱ ክፍል ለመጪው ዓመት የሚያስፈልገውን የሚያስረዳበት ስብሰባ፣ ከራሴ አልወጣ ብሏል።

የክፍት መደቡ ነገር ነው። እዚህ ጎንደር፣ የእኛ መሥሪያ ቤት መዋቅር ላይ ሁለት የወሳኝ ኩነት መዝጋቢ፣ ማለትም ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚመዘግብ ሠራተኛ፣ አለ። የምትሠራው ግን አንዷ ብቻ ናት። ሁለተኛው መደብ ደመወዝ አልተያዘለትም። ደመወዝ ካልተያዘ ደግሞ የቅጥር ማስታወቂያ አይወጣም። ስለዚህ በየዓመቱ፣ ሐምሌ 1 አዲሱ በጀት ከመግባቱ በፊት፣ ሄደን እንጠይቃለን። ዘንድሮም ለ2019 ጠየቅን።

እኔ ቀድሜ ተናገርኩ። ሕጉን አስታወስኩ። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ጋብቻም፣ ሞትም በ30 ቀን። ምዝገባው በአገር ደረጃ ከተጀመረ ከ2008 ወዲህ ደግሞ ሰዉ ጥቅሙን አውቆታል። ፓስፖርት ሲፈልግ የልደት ምስክር ወረቀት ይባላል። ውርስ ሲመጣ የሞት ምስክር ወረቀት ይባላል። ተፈናቅለው ጎንደር የገቡትም ሰነዳቸው ቤታቸው ቀርቷል። ለገበያ የሚመጣው ሰውም መንገዱን አንድ ላይ ለመጨረስ ወደ እኛ ጎራ ይላል። ይህን ሁሉ አልኩ። ሰሙኝ፤ ጻፉም።

ከዚያ ሰብሳቢው ወደ መዝጋቢዋ ዞሩ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ይሄን በደንብ ያዙልኝ። ረጋ ብለው ነው የጠየቁት።

«እህቴ፣ እስካሁን በማን እየሠራችሁ ነው?»

«በእኔ» አለች።

«ባለጉዳይ ሳይስተናገድ ተመልሶ ያውቃል?»

«ኧረ በፍጹም! ቢመሽም ጨርሼ ነው የምሄደው።»

ቤቱ ደስ አለው። ከኋላ አንዱ «ጎበዝ!» አለ። ሰብሳቢውም «የምንፈልገው እንዲህ ዓይነት ሠራተኛ ነው» አሉ። እሷ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ፊቷ በራ። ከዚያ ያው ድምፅ፣ ያው እርጋታ፣ «ሥራው እስካልተጓደለ ድረስ መደቡ ለጊዜው ይቆይ» ተባለ። ቀጣዩ ክፍል ተጠራ።

በቃ፣ ይሄው ነው። ጠብ የለ፣ ጩኸት የለ።

ግን «ለጊዜው» የሚባለውን እናውቀዋለን። ዘንድሮ የቆየ መደብ ለከርሞ «ያለ እሱም ተችሏል» ይባላል። ሁለት ዓመት ሲከርም ደግሞ ከነጭራሹ ይረሳል። ሰው የሚጨመርለት ሥራው የተበላሸበት ክፍል ነው። ሰልፉ ግቢውን ሲሞላ፣ ሰው ሲጮህ፣ አቤቱታ ሲጻፍ። እሷ ግን ሰልፉን በማታ ጨረሰችው። ሰልፉም ሳይታይ ቀረ።

ስንወጣ እጄን ያዘችና «እንግዲህ ተፈቀደልን ማለት ነው?» አለችኝ። ምስጋናውን እንደ እሺታ ነው የሰማችው። ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ «ይሁን፣ እንደምንም እናደርገዋለን» አለች።

እንደምንም!

ይቺ «እንደምንም» ከተማውን በሙሉ ይዛው ነው ያለችው። ጥር ላይ አታዩም? ለጥምቀት ግማሹ ሠራተኛ ኮሚቴ ነው። መስተንግዶ፣ ጽዳት፣ ጸጥታ፣ እንግዳ መቀበል። በ2012 ዩኔስኮ ከመዘገበው ወዲህማ ሁላችንም የበዓሉ ሰው ነን። እኔ ደግሞ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። የቀሃ ወንዝ ውኃ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ መግባት ሲጀምር እኮ ልቤ ይሞላል። የአዘዞውም የማራኪውም ሰው በነጭ በነጭ ሲወርድ፣ ታቦታቱ ሲመጡ… ድካሙ ሁሉ ይጠፋል። ያኔ ግን ጠረጴዛው ላይ ማን አለ? እሷ! እሷም ካልታዘዘች ነው።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ መደቡ።

የሰብሳቢው ጭንቀት አይገባኝም አልልም። የከተማ ገንዘብ ሁለት ኪስ አለው። ጤናና ትምህርት የመሳሰለው በብዛት ከክልል በሚመጣ ድጎማ ይሄዳል። ጽዳቱ፣ ውስጥ ለውስጥ መንገዱ፣ የመንገድ መብራቱ ከተማው ራሱ ከሚሰበስበው ነው። ከግብሩ፣ ከኪራዩ፣ ከአገልግሎት ክፍያው። ገበያ በተቀዛቀዘበት ጊዜ ያ ኪስ ምን ይሆናል? ደመወዝ ደግሞ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ተጨምሯል። አዲስ ዲግሪ ይዞ የሚቀጠር ሰው ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ነው የሄደው። ለሠራተኛው ሲያንሰው ነው፤ የቤት ኪራዩን ታውቁታላችሁ። ለበጀት ሠሪው ግን አንዲት መደብ ከበፊቱ ከበደችበት ማለት ነው። በዚያ ላይ ስሚው ላይ ከእኛ በፊት የቀረቡት የውኃ ሰዎች ነበሩ። የውኃ ፈረቃ ጠባቂው ሕዝብ እኔንም ይጨምራል፤ የአንገረብ ግድብ ደለል ሞልቶት ስንት ዘመኑ! ለእነሱ መስመር ጠጋኝ ቢጨመር «ለምን?» እላለሁ? አልልም። እኔም ሰብሳቢ ብሆን…

አይ፣ ቆይ። እንደዚያ አልልም። ቢያንስ ጥያቄውን እቀይረው ነበር። «በማን እየሠራችሁ ነው?» ብሎ ማቆም ምንድን ነው? «በስንት ሰዓት ትገቢያለሽ? ልጅሽን ማን ያበላልሻል? ስትታመሚስ?» አይባልም? በወሊድ ፈቃድ ብትወጣ ወደ እኛ የሚመጣው ሕፃን ሁሉ እሷ እስክትመለስ ሳይመዘገብ 90 ቀኑ ሊያልፈው ነው።

እቴቴ ስነግራት ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ለምን በሰዓቷ ቆልፋ አትሄድም?» አለች። እውነቷን ሊሆን ይችላል። ሰልፉ ይታይ፣ ያኔ ሰው ይቀጠራል። ግን ከጠዳ በጠዋት የተነሳች እናት ሕፃን አዝላ በሩ ላይ ስትደርስ… የዚያን ቀን ቆልፊና ሂጂ ብዬ የምመክራት እኔ ነኝ? እሷስ ብላት ትሰማኛለች? አትሰማኝም። ብትሰማኝስ ደስ ይለኛል ወይ?

እኔ እንጃ። በጀቱ ገና ምክር ቤት አልገባም፤ እስከ ሰኔ 30 ጊዜ አለ። ከምክር ቤት አባላቱ አንዷን አናግሪ ያሉኝ አሉ፤ ላናግራት አስቤያለሁ። ግን ምን ብዬ? «አንድ መዝጋቢ በጣም ጎበዝ ስለሆነች ሌላ ይጨመርላት» ብዬ?… እሱን እስቲ ላስብበት።